በር የሚያየው መደብ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ፀጉር ስለምትቆርጥ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። ፀጉር ቤቷ በጫማ ጠጋኙና በመድኃኒት ቤቱ መሀል ተሰንቅሮ የተቀመጠ፣ ሁለት ወፍራም ሰዎች እኩል ቢስቁ ግድግዳው የሚገፋ የሚመስል ጠባብ ቤት ነው። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ሁሉ ራሷ ስለማይሰማት ሰው የማይሰማት ይመስላታል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ምስጢር የሚወጣው በጩኸት ነው። መቀስም ምስጢር ለመስማት ጆሮዋን ማቆም ኖሮባት አያውቅም።

ደግሞ ያደገችውም በዚሁ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ እትዬ ናት። እትዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡት ሴቶች ወገባቸውን ሲለኩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ እንጂ ምላሳቸውን አይዙም። መቀስ ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ቁርጥራጭ ወሬም አብራ ለቀመች። ከትምህርት ቤት ጋር ቶሎ ነው የተለያዩት፤ «በስምምነት ነው» ትላለች፤ «እሱም አልፈለገኝም፣ እኔም አልለመንኩትም።» ማንበብ ግን አልተወችም። ደንበኛ ጥሎት የሄደ ጋዜጣ፣ ዕቃ የተጠቀለለበት ወረቀት፣ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር ታነባለች።

ስለ ሕንፃ መጻፍ የጀመረችው በንዴት ነው። አንዲት ደንበኛዋ አንድ ቀን ግንባሯ አብጦ መጣች። አዲስ የተከፈተ ባንክ በሩም ግድግዳውም መስታወት ሆኖባት፣ ከፊት ለፊቷ ለምትመጣው ሴትዮ በትሕትና መንገድ ልትለቅ ወደ ጎን ስትል ሴትዮዋም ወደዚያው አለች፤ ሁለቱ ተጋጩ። ሴትዮዋ ራሷ ነበረች። መቀስ ለጋዜጣ ጻፈች፦ «ገንዘባችንን ከሌባ ሊጠብቅልን የተሠራው ባንክ በሩን ከእኛ ጠብቆ ጀመረ።» አዘጋጁ አንብቦ ሲስቅ ሻዩ በአፍንጫው ወጣና ዓምድ ሰጣት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ሕንፃ ትላጫለች። ወንዙ ዳር ያለውን ነጭ ሆቴል «ሶኬቱ የተነቀለ ፍሪጅ» ብላ ጻፈች፤ ሆቴሉ እውነተኛ ስሙ ተረስቶ ዛሬ ተሳፋሪው «ፍሪጁ ጋ ወራጅ አለ!» ነው የሚለው። የአሠራር ደንብም አላት። የሕንፃን ፊት መጨረሻ ላይ ነው የምታየው፤ «ፊትማ ሁሉም ይኳላል» ባይ ናት። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ታያለች፣ ቀጥላ የፅዳት ሠራተኞቹን ታዋራለች፣ ከዚያ አንድ ጥግ ይዛ ሰው ሲገባና ሲወጣ ስትመለከት ትውላለች።

አዘጋጁን «ቀይ እስክሪብቶ» ነው የሚሉት። አንድ ጠዋት አስጠራትና አንድ ሙሉ ገጽ እንደሚሰጣት ነገራት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች መቀስ።

«ስለ አርክቴክቱ ትጽፊያለሽ።»

ማንን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሰውየው በቅርቡ ትልቅ ሽልማት ተሸልመው ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ይነታረክባቸዋል፤ ግማሹ ሊቅ ናቸው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ደረጃ ሲወጣ ይረግማቸዋል።

«ስለ ሐሳባቸውም ስለ ሕንፃዎቻቸውም ጻፊ» አለ አዘጋጁ። «ግን በፍትሕ።»

«በምን?»

«በፍትሕ።»

«እሱን እንኳ ሠርቼው አላውቅም። የት ነው የሚያስተምሩት?»

«ስድብ ብፈልግ በየካፌው ሞልቷል። ምስጋና ብፈልግ የእሳቸው ጸሐፊ በስልክ ታነብልኛለች። እኔ የምፈልገው አንባቢው ሕንፃው ውስጥ ገብቶ እንደወጣ እንዲሰማው ነው።»

«እህቴ እኮ የምትኖረው እሳቸው የሠሩት ሕንፃ ውስጥ ነው።»

«እሰይ! እንግዲያው ሽንት ቤቱን ታውቂዋለሽ ማለት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

የአርክቴክቱ ቢሮ ስትደርስ እንደ ልማዷ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ጠየቀች። ንጹሕ ነው። መስኮት አለው፤ መስኮቱም ዛፍ ያሳያል። «ይኼ ሰውዬ ሊያስቸግረኝ ነው» አለች በሆዷ፤ ልትወዳቸው አልመጣችማ።

አርክቴክቱ ስድሳን የዘለሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ እርሳስ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። «ኢንጂነር» ብላ ስትጠራቸው ፊታቸው ኮስተር አለ።

«አርክቴክት ነኝ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ኢንጂነሩ ሕንፃው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ያስባል። እኔ ደግሞ ሰው ሕንፃው ውስጥ ገብቶ እንዳይከፋው አስባለሁ።»

ሐሳባቸው ሲጨመቅ አንድ ነው። «ሰው ወዳጅ የሚያፈራው በቀጠሮ አይደለም» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ቁልፉን ቦርሳው ውስጥ ሲፈልግ፣ ዕቃ አስቀምጦ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣ ዝናብ እስኪያባራ ሲጠብቅ ነው። እኛ ግን ደረጃውን እናጠበዋለን፣ ኮሪደሩን እናጨልመዋለን፤ ከዚያ ‹ዘንድሮ ጎረቤት ጠፋ› ብለን እናለቅሳለን። እኔ የምሠራው ሰው የሚቆምበትን ቦታ ነው፤ ክፍሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።»

መቀስ ሕንፃዎቻቸውን አስቀድማ ዞራ አይታለች። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮቶቹ ዝቅ ተደርገው ስለተሠሩ የተቀመጠ አንባቢ ቀና ሲል ሣርና አበባ ያያል፤ ቆማ የምትሠራዋ መጽሐፍ አዳይ ግን ቀኑን ሙሉ የምታየው ግድግዳ ነው። ክሊኒኩ ኮሪደሩ ጠመም ተደርጎ ስለተሠራ በሽተኛው የመንገዱን ርዝመት አይቶ አይደነግጥም፤ አልጋ የሚገፉት ሠራተኞች ግን ጥምዝዙ ላይ ሲደርሱ «እዚህች ጋ የሰውየውን ስም እናነሳለን» ብለዋታል፤ በምን ዓይነት ቃል እንደሚያነሱት አልነገሯትም፣ እሷም በጨዋነት አልጠየቀችም። ይህን ሁሉ ለአርክቴክቱ ነገረቻቸው። አልተቆጡም። ስለ መጽሐፍ አዳይዋ ሲሰሙ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ ድንገት አገኙትና የሆነ ነገር ጫሩ።

«እርስዎስ የት ነው የሚኖሩት?»

«ግቢ ውስጥ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ።»

«ጎረቤትዎ ማን ነው?»

«እንጃ፤ አጥሩ ረጅም ነው» አሉና፣ ያሉት ነገር ዘግይቶ ሲሰማቸው ራሳቸው ሳቁ። «ይኼን ትጽፊዋለሽ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ጻፊው። እውነት ነው።»

መቀስ ስትወጣ ተናዳ ነበር። ስድብን ችሎ የሚስቅ ሰው ለመሳደብ አይመችም።

የእትዬ ቤት ያለበት ሕንፃ የዚህ ሐሳብ ዋና ልጅ ነው። በየፎቁ ያለው የደረጃ ማረፊያ አንድ ክፍል ያህላል፤ ሰፊ መስኮት አለው፣ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ የሲሚንቶ መደብ። መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው የፎቁን ሁለት ቤቶች በሮች ፊት ለፊት ያያል። መቀስ ስትደርስ የእትዬ ፎቅ መደብ በሴቶች ሞልቶ ነበር። መሀል ላይ እማማ ጡሩምባ ተቀምጠዋል። ስሙን የሰፈር ልጆች ናቸው ያወጡላቸው፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ይኮሩበታልም። እማማ ጡሩምባ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ኮሚቴው ደግሞ ማረፊያዎቹ በብሎኬት ተዘግተው ዕቃ ቤት እንዲሆኑ የሚታገል ነው።

«እንኳን መጣሽ፣ መቀስ!» አሉ። «ይህን ማረፊያ ጻፊበት፣ ላጪው! ሰው ሥራውን ትቶ እዚህ ተጎልቶ ወሬ ብቻ ሆነ። እኔን ብታዪኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳሁም።»

«ኮሚቴው ግን የት ነው የሚሰበሰበው፣ እማማ?»

«እዚሁ ነዋ! ሌላ ሰፊ ቦታ የት አለ?»

«ሲዘጋስ የት ልትሰበሰቡ ነው?»

እማማ ጡሩምባ ጥቂት አስበው፣ «ለእሱም ኮሚቴ እናቋቁማለን» አሉ።

መቀስ እየሳቀች እትዬ ቤት ገባች። እትዬ አልሳቀችም። በሩን ዘጋች፣ ኩሽና አስገባቻት፣ የኩሽናውንም በር ዘጋች፣ ቀጥላ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ሲንሿሿ መቀስ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባት፤ እትዬ ውሃ በከንቱ የምታፈስ ሴት አይደለችም።

«ግድግዳው እንዲሠራ በደንብ አድርገሽ ጻፊ» አለች እትዬ በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ዕቃ ቤት ምን ያደርግልሻል? ከልብስ ስፌት መኪናሽ ሌላ ምን ዕቃ አለሽ?»

እትዬ እጇን በፎጣ አደረቀች። ደርቆ ሳለ እንደገና አደረቀችው። ከዚያ ተናገረች። ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አሉ፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ደግ፣ ረጋ ያሉ። የእትዬን ባል ሞት ሰምተው ሊያጽናኗት መጥተው ነበር፤ ከዚያ መጽናናቷን ሊያረጋግጡ መጡ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ምክንያት ሳይፈልጉ መጡ።

«እና?» አለች መቀስ፤ ዓይኗ እንደ ድመት ዓይን ፈክቷል።

«እናማ እነዚያ አሉ!» እትዬ በአገጯ ወደ ማረፊያው ጠቆመች። «ከታች ጀምሮ በየመደቡ ‹እንደምን ዋሉ? ወዴት ነው? ለማን ነው የያዙት? ልጆችዎ ያውቃሉ?› እየተባሉ ነው እዚህ የሚደርሱት። በሬን ስከፍት ደግሞ ጡሩምባ አንገቷን መዝዛ ጠረጴዛዬ ላይ ስንት ብርጭቆ እንዳለ ትቆጥራለች። ያ ሁሉ ዓመት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭነው ያልደነገጡ ሰው መደብ ሙሉ ሴት አስደነገጣቸው። ቀሩ። ይኸው ቀሩ።»

መቀስ አፏን ከፈተች።

«ዋ!» አለች እትዬ ጣቷን ቀስራ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ይህን ከጻፍሽው፣ ካስክ ሥርም ለአንዲት ሴት ካወጣሽው፣ እህት የለሽም። እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ፤ እኔው እተውሻለሁ።»

መቀስ ዕድሜ ልኳን ወሬ ለማሳደር ተቸግራ አታውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬም ገጥሟት አያውቅም። ችግሩ ደግሞ ወሬው ማማሩ ብቻ አልነበረም። ስለዚያ ሕንፃ ከሚባለው ነገር ሁሉ ዋናው ጥፋት እሱ ነው። ደረጃውን የሚያማ፣ መደቡ ቀዘቀዘኝ የሚል ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ቅሬታ ነው። አንዲት ሴት ልቧ የፈቀደውን ሰው ሕንፃው ሲያስቀርባት ግን ቅሬታ አይባልም። ይህ ሳይነገር የሚጻፍ ጽሑፍ እንዴት ፍትሐዊ ሊሆን ነው? ተነግሮስ እንዴት እህት ይተርፋል?

ያለ እሱ ሞከረችው። ፍትሕ ማለት ሚዛን ነው ብላ አንድ ምስጋና ስታስቀምጥ አንድ ወቀሳ፣ አንድ ወቀሳ ስታስቀምጥ አንድ ምስጋና እየመዘነች ጻፈች። ቀይ እስክሪብቶ አነበበው። አልሳቀም፤ ሻዩም በአፍንጫው አልወጣም።

«ይኼ ጽሑፍ ነው ወይስ ተጣልተው የታረቁ ሰዎች ውል? ‹መደቡ አንዳንድ ችግሮች አሉት› ትያለሽ። ምንድን ናቸው? ጎረቤት ለጎረቤት ሰላም ቢባባል ምን ችግር አለው?»

«አለው።»

«ምን?»

መቀስ ከንፈሯን ነከሰች። አዘጋጁ እንዲህ ስትሆን አይቷት ስለማያውቅ ያመማት መስሎት ወንበር ሳበላት።

«ልትነግሪኝ የማትችዪውን ነገር እርሺው» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ያየሽውን፣ አንቺ ላይ የደረሰውን ጻፊ። በሰው ቁስል አትጻፊ፤ በራስሽ ጻፊ።»

መቀስ ደረጃውን ስትወርድ ቆም አለች። እሷ ላይማ የደረሰ ነገር የለም። እሷ ስትመጣ የእትዬ እህት፣ ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ ማንም ዞሮ አያያትም። ከወንድ ጋር ብትመጣስ?

በማግስቱ አርክቴክቱ ጋ ደወለች። ሕንፃውን አብረው እንዲያዩት ጋበዘቻቸውና አንድ ነገር ለመነቻቸው፦ ማን እንደሆኑ እሷ እስክትናገር ድረስ እንዳይናገሩ። እሳቸውም የሥራቸውን ፍሬ ሳይታወቁ ሊያዩ ነውና ደስ አላቸው። ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ የሕንፃውን ንድፍ ጥቅልል ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። መቀስ ከፈታች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ከወንድ ጋር ደረጃ ስትወጣ ሰፈሩ አይቷት አያውቅም።

የመጀመሪያው መደብ ላይ «እንደምን ዋላችሁ?» ተባሉ። አርክቴክቱ ፊታቸው በራ፤ «አየሽ!» አሏት። ሁለተኛው ላይ «ወዴት ናችሁ?» ተባሉ። «ደስ የሚል ሕዝብ ነው» አሉ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብለው። ሦስተኛው ላይ እማማ ጡሩምባ ነበሩ።

«መቀስ! ይኼ የተጠቀለለው ምንድን ነው? ምንጣፍ ነው? ቤት ልታነጥፉ ነው?»

«ወረቀት ነው፣ እማማ።»

«ወረቀት! የጋብቻ ወረቀት እንዲህ ትልቅ ሆነ እንዴ ዘንድሮ?»

መደቡ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ በሩን ከፈተች፤ ገቡ። ከኋላቸው አንገቶች እንደ ሱፍ አበባ ወደ በሩ ዞሩ። አርክቴክቱ ውስጥ ተቀምጠው ሻይ ሲቀርብላቸው ስኳሩን ስንት ማንኪያ እንዳደረጉ አንዲት ሴት በተከፈተው በር ከውጭ ስታሳውቅ ሰሙ። ትንሽ ቆይቶ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ሴት እየሮጠች ወርዳ፣ «የታል? የታል ሙሽራው?» ስትል ሰሙ። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ስለ ማን ነው የሚያወሩት?»

«ስለ እርስዎና ስለ እኔ» አለች መቀስ። «ከሥር ስንነሳ ተዋወቅን፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ታጨን፣ አሁን ሳንጋባ አንቀርም።»

አርክቴክቱ ጆሯቸው እስኪቀላ አፈሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው የሚቆምበት ቦታ ሲሠሩ ኖረዋል፤ በዚያ ቦታ ማለፍ ምን እንደሚመስል ግን ገና ዛሬ አዩ። ተነስተው ወጡና ከእማማ ጡሩምባ ጎን መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሆነው ቀጥ ብለው ተመለከቱ፦ የእትዬ በር፣ ከበሩ ወዲያ ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ላይ የራሳቸው ብርጭቆ።

«እናት እዚህ ተቀምጣ ስትጫወት ቤት ውስጥ ልጇን እንድታይ፣ ምጣዷ እንዳያርባት ብዬ ነበር እኮ በሩን ወደ መደቡ ያዞርኩት» አሉ ለመቀስ፣ በቀስታ።

«ብዬ?» አሉ እማማ ጡሩምባ። «ብዬ ነው ያልከው? አንተ ነህ እንዴ የሠራኸው?»

«እሳቸው ናቸው» አለች መቀስ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንኳን በአንድ ገጽ በአንድ መጽሐፍም አያልቅ። ሙሽራው በአንዲት ትንፋሽ ተከሳሽ ሆነ። ስለሚያንጠባጥበው ጣራ፣ ስለሚቀዘቅዘው መደብ፣ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛው ነርስ በሳቅ ድምፅ ስለመንቃቷ ሁሉም በአንድ አፍ ተናገረ። አርክቴክቱ እየሰሙ ጥቅልሉን ዘርግተው ጀርባው ላይ ጻፉ። ከዚያ ደግሞ እማማ ጡሩምባ ሳያስቡት፣ ሌላ ወቀሳ ሊናገሩ ሲንደረደሩ፣ አንድ ነገር አመለጣቸው።

«ምን፣ እዚህ ለመቀመጥ ወደን መሰለህ? ደግሞ ባንቀመጥ እኮ አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ሞተው ነበር። ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ሲቀር ‹ኧረ ምን ነካቸው?› ተባባልን፤ ሰብረን ስንገባ ወድቀው አገኘናቸው። ይኸው ዛሬ ከእኔ የበለጠ ይጮኻሉ።»

አርክቴክቱ መጻፍ አቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር።

መቀስ ያን ጽሑፍ በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው። የመጽሐፍ አዳይዋ ግድግዳም፣ የክሊኒኩ ጥምዝዝም፣ የአርክቴክቱ ረጅም አጥርም ገባ። ስለ መደቡ ደግሞ እንዲህ አለች፦

«ሰው ይገናኝ ተብሎ የተሠራው ማረፊያ ሰውን አገናኝቷል። ማረፊያው ይዘጋ የሚለው ኮሚቴ እንኳ የሚሰበሰበው እዚያው ላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። አንድ አዛውንት በሕይወት ያሉት መደቡ ላይ ሰው ስለነበረ ነው። ነገር ግን እኔ በዚያ መደብ ፊት ከአንድ ሰው ጋር አለፍኩ፤ ስገባ እንግዳ ነበርኩ፣ ስወጣ ሙሽራ ሆኜ ወጣሁ። እኔ የሰው ወሬ እየበላሁ ያደግኩ ነኝና የራሴ ቢበላ ይገባኛል። ያልለመደው ሰው ግን አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ አይመጣም፤ ለምን እንደቀረም ለማንም አይናገርም። ሁሉን የሚያገናኝ ቤት፣ ሁለት ሰው ሳይታይ የሚገናኝበት በር ከሌለው ጎዶሎ ነው። ማረፊያው አይዘጋ። በሩ ግን ይከለል።»

ቀይ እስክሪብቶ አንብቦ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ከደነው። «ምን እንደደበቅሽኝ አላውቅም» አለ፤ «ግን እዚህ ውስጥ አለ።»

ጋዜጣው የወጣ ዕለት እማማ ጡሩምባ መደቡ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። እትዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ከኋላው ቆማ ሰማች። «አንዴ ይመጣል፣ ሁለተኛ አይመጣም» የሚለው ጋ ሲደርሱ የበሩን እጀታ ጭብጥ አደረገች። እማማ ጡሩምባ ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኼ ስለ ማን ነው?» አለች አንዷ።

«ስለ አርክቴክቱ ነዋ!» አሉ እማማ ጡሩምባ። «ምስኪን ሰውዬ፣ ጆሮው እንዴት ቀልቶ እንደነበር አላየሽም? በቃ፣ አስደንግጠን መቀስን ባል አሳጣናት።»

እትዬ በሩን ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ብሎኬቱ ቀረ። በምትኩ አርክቴክቱ አናጢ ይዘው መጡ። ለየበሩ የእንጨት ርብራብ መከለያ ሊያቆሙ ነው፤ ብርሃኑም ድምፁም ያልፋል፣ ዓይን ግን አያልፍም። ምን ያህል ጥቅጥቅ ይበል የሚለውን በወረቀት ሊያሰሉ ሲሉ መቀስ ከለከለቻቸው።

«ለዚህ የሚሆን መለኪያ እኛ ጋ አለ» አለችና እማማ ጡሩምባን መደቡ ላይ አስቀመጠች። እትዬ በሯ ላይ ቆመች።

«አሁን ይታይዎታል?» አሉ አርክቴክቱ።

«ቀሚሷ አበባ ያለው ነው።»

አናጢው አንድ ጣውላ ጨመረ።

«አሁንስ?»

«ነጠላ ጫማዋ አንዱ ማሰሪያው ላልቷል።»

ሌላ ጨመረ። እማማ ጡሩምባ አንገታቸውን ወደ ግራ መዘዙ፣ ወደ ቀኝ መዘዙ፣ ተነስተው ተቀመጡ፣ አንድ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«ምንም አይታየኝም» አሉ በመጨረሻ፤ ዘመድ የሞተባቸው ነው የሚመስሉት።

እትዬ መቀስን ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባቻት። ቧንቧውን አልከፈተችም።

«እኔን የት ነው የደበቅሽኝ?» አለቻት።

«ራሴ ውስጥ» አለች መቀስ። «ስንት ዓመት አብልተሽ ስላሳደግሽኝ ሰፊ ነኝ።»

«ሙሽራ ነኝ ብለሽ ስትጽፊ ሰው ምን ይለኛል አላልሽም?»

«ይበላ! ፀጉር ቤቴ ሞልቶልኛል። ሁሉም ‹ሰውየውስ?› እያለ ነው የሚመጣው።»

እትዬ ስልኩን አንስታ ደወለች። መቀስ ዕድሜዋን ሁሉ ያልሠራችውን ሠራች፤ ስልክ ሲወራ ትታ ወጣች። መደቡ ላይ ከእማማ ጡሩምባ ጎን ተቀመጠች። አርክቴክቱና አናጢው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተዋል፤ መዶሻው ይሰማል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጀርባን ታሞቃለች፤ መደቡ ለካ ከሰዓት በኋላ አይቀዘቅዝም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ረጋ ያሉ ሰው ብርቱካን በከረጢት ይዘው ደረጃውን ወጡ። «እንደምን ዋላችሁ» አሉ። እማማ ጡሩምባ «እንደምን ዋሉ» አሉ፤ ሌላ ቃል ሊወጣ ሲል መቀስ ጉልበታቸውን ያዝ አደረገችው። ሰውየው ከርብራቡ ጀርባ ዞሩ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ማን እንደከፈተ፣ ፊቷ ምን እንደመሰለ ማንም አላየም።

እማማ ጡሩምባ ቻሉት፣ ቻሉት፣ ከዚያ አልቻሉም።

«ማን ነው የገባው? ፊቱ አዲስ አይደለም።»

«የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እማማ።»

«የቧንቧ ሠራተኛ ሽቶ ይቀባል?»

መቀስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እማማ ጡሩምባ በዓይናቸው ጠርዝ አይተዋት፣ ከዚያ ርብራቡን አይተው፣ መቀመጫቸውን አመቻቹ።

«ይቀባ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደዚያ ዝቅ ማለት መቻላቸውን ራሳቸውም ሳያውቁ። «ይቀባ እንጂ። ያ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ሲያንጠባጥብ ሰምቼዋለሁ።»